የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጆሮና የእኔ ዝምታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ነበር የምታስተምሪው?» ምንም አላስተማርኩም። እኔ ማርጂን ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። የድህረ ምረቃ ተማሪ የለፋበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያመጣልኝ፣ በግራ በኩል ለጥረዛ የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩን፣ የገጹ ቁጥር ከማውጫው ጋር መግጠሙን፣ ውስጥ የተጠቀሰው ሰው ሁሉ ከኋላ በዋቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱን አያለሁ። ካልገጠመ እመልሳለሁ፣ ከገጠመ ማህተም እመታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ፐብሊክ ሌክቸር፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር፣ አዘጋጃለሁ። ይኸው ነው። ልጄ እንኳ «እማዬ፣ ሰው ሲጠይቅሽ አስተዳደር ነበርኩ በይ» ትለኛለች።

አልልም። ምን ጎደለኝና! በእኔ ጠረጴዛ ያላለፈ የዓለም ነገር የለም። የንብ በሽታ፣ የሲሚንቶ አደራረቅ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ለምን እንደሚበዛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለምን አፈር እንደሚያምራት፣ ሁሉን አንብቤያለሁ። አንብቢ ያለኝ የለም፤ ደመወዙም ለማንበብ የሚከፈል አልነበረም። ወሬ ስለምወድ ነው። አብነት ሠፈር ተወልዶ ወሬ የማይወድ ሰው ካለ አምጡልኝ! አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አብነት ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ጨው ሊገዛ የገባ ሰው የቤቱን ጉድ ሳይዘረግፍለት አይወጣም። የወረስኩት ሱቁን ሳይሆን አመሉን ነው።

ሥራ የጀመርኩት ልደታ አካባቢ ባለው ግቢያችን፣ ስሙን ተዉት፣ በሬጅስትራር መስኮት ላይ ነው። መስኮቷ ከመጥበቧ የተነሣ ከተማሪው የሚታየኝ ከአፍንጫው እስከ አገጩ ብቻ ነበር። አለቃዬ አንድ ቃል ብቻ የምታውቅ ሴት ነበረች፦ «ቀጣይ!» አንድ ቀን አንዱን ልጅ «ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስታጠና ነው የቆየኸው?» ብዬ ብጠይቀው ስለ እባብ መርዝ ይተርክልኝ ጀመር፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። አለቃዬ «ማርታ፣ እዚህ ቡና ቤት አይደለም» ብላ ወደ ቤተ መጻሕፍት አስዛወረችኝ። ቅጣት መሆኑ ነበር። የተዛወርኩት የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ማንም አይመጣም። የክፍሉ ኃላፊ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋሉ፤ እኔ አቧራውን እያራገፍኩ አነባለሁ። እንዲህ ያለ ቅጣት ለወዳጄም ይድረሰው።

ከዚያ ነው ወደ ድህረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት፣ አቶ ይመር ዘንድ የሄድኩት። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥራዝ ሰጥተውኝ «እስኪ እይው» አሉኝ። ከሽፋኑ ጀመርኩ። ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና ገልብጠው ከኋላ ከፈቱት።

«ከዚህ ነው የሚጀመረው።»

«ይሄ አባሪው ነው እኮ ጋሼ። ተማሪው ሰው የጠየቀበት መጠይቅ ነው።»

«እኮ! የጠየቀውን ሳላይ የተመለሰለትን አላነብም።»

ሃያ ተማሪ የተሸከመ አድቫይዘር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ አይቶ ይፈርማል፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ሰው ነው። ጋሼ ግን ከኋላ ጀምረው መሐሉን ሁሉ ያዩታል። እስክሪብቶ አይነኩም፤ ሁሌ በእርሳስ ነው። «በሰው ልፋት ላይ የማይጠፋ ነገር አልጽፍም» ይላሉ። ጽሑፉን ሲመልሱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያያይዙበታል፦ ገጽ ይህን ያህል ላይ ቁጥሩ ዘሏል፣ ሠንጠረዡ ርእስ የለውም፣ እያሉ ይዘረዝሩና ከታች አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ። ስለ ማርጂን አይደለም፤ ስለ ነገሩ ነው። ስለ ሽንኩርት ነጋዴዎች የጻፈውን ልጅ «ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመታው ኪሳራው የማን ነው? ጠይቀሃቸው ነበር?» አሉት። ልጁ ተቆጥቶ መጣ፤ «እርስዎን ምን አገባዎት!» አለ። በሳምንቱ ግን አንድ ሙሉ ክፍል ጨምሮበት መጣና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ኪሳራው የሾፌሩ ነበር ለካ።

እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። የዙህር ሶላታቸውን ሰግደው፣ ፊታቸው ገና ከውዱእ ሳይደርቅ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ፣ «ጋሼ፣ እውነት ግን ይሄ ሥራችን ነው?» አልኳቸው።

«ማርታ፣ ይህ ልጅ ነገ ፈታኝ ፊት ይቆማል። እዚያ ከሚያፍር እዚህ ይፈር።»

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ደሴ ሲገቡ ጠረጴዛው ለእኔ ቀረ። እኔም ከኋላ እየከፈትኩ፣ በእርሳስ እየጻፍኩ፣ አንድ ጥያቄ እየጨመርኩ ዓመታት ሠራሁ። እንዴት ደስ የሚል ሥራ ነበር!

ሐሙስ ደግሞ አዳራሽ ነው። ስለ ፐብሊክ ሌክቸር አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፦ ሕዝብ አይመጣም። ስለዚህ ወንበር ሁሉ አይዘረጋም። ጥቂቱን ብቻ ከፊት አሰልፋለሁ፤ ሌላው መጋረጃ ጀርባ ይደረደራል። ሰው በገባ ቁጥር አንድ አንድ ወንበር እያወጣሁ እጨምራለሁ፤ ተናጋሪው ወንበር ሲጨመር ሲያይ ልቡ ሞቅ ይላል። ጥበቃዎቹን፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣዋን ልጅ፣ ማንንም ካገኘሁበት እጠራለሁ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተናጋሪውም አድማጩም አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ የሚነሣ ሰው ካያችሁ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ፤ ቶሎ አይጨርስም።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ ዲን ከመጡ በኋላ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሥራ ወዳድ ናቸው። ጽሑፍ ከሌላ መቀዳቱን በመቶኛ የሚናገር ኮምፒዩተር አስመጡ፤ እኔም ማርጂን ላይ መቶኛ ተጨመረልኝ። በዚያው ሰሞን አንድ አድቫይዘር ቁራጭ ወረቀቴን ይዞ ቢሮዬ ገባና፣ ተማሪዎች በተሰለፉበት፣ «እርስዎ ማን ነዎት? ዲፕሎማ ይዘው የእኔን ተማሪ የሚፈትኑት?» አለኝ። መሬት ብትከፈት በገባሁ! በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች በጽሑፉ ይዘት ላይ አስተያየት ከመስጠት እንዲቆጠቡ። ስሜ አልተጠራም። ግን ለማን እንደተጻፈ ጥበቃው ሁሉ ያውቃል።

ሰዓዳ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት፤ የጠመንጃ ያዥ ሠፈር ልጅ። አባቷ ጋሽ ሙሔ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ሣጥንና ምድጃ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ በዚያ መዶሻ ነው አሳድገው ያስተማሯት። ጥናቷም ስለ ሠፈሯ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ የሚመቱ ሰዎች ጆሯቸው እንዴት ነው? ርእሱን ሳይ ደስ አለኝ። እኛም አብነት ስናድግ ከጎናችን ብረት ቤት ነበር፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ የተጣሉ ነበር የሚመስለን።

ገልብጬ ከኋላ ከፈትኩት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የመስማት ችግር አለብዎት?» መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ የለም፣ የለም፣ የለም። የጥናቱም መደምደሚያ ይኸው ሆነ፤ የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጆሮ ደህና ነው። ነገር ግን ልጅቷ ጠንቃቃ ናትና በየቅጹ ጥግ በእጅ ጽሑፏ ማስታወሻ አስፍራለች። «ጥያቄው ሦስት ጊዜ ተነበበላቸው።» የሚቀጥለውን ገለጥኩ። «በከፍተኛ ድምፅ ተደገመላቸው።» ሌላውን ገለጥኩ፤ ያው ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥኩ።

ቁራጭ ወረቀት አውጥቼ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሰዓዳ፣ ደህና እሰማለሁ ያሉሽ ሦስት ጊዜ ካነበብሽላቸው በኋላ ነው?» ጽፌ ሳበቃ ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። «እርስዎ ማን ነዎት?» ያለኝ ሰውዬም ትዝ አለኝ። ልጅቷ ተራዝሞላት ተራዝሞላት የመጨረሻው ሴሚስተሯ ላይ ናት፤ አድቫይዘሯ ፈርሟል፤ እኔ ማን ነኝ? ዝም አይነቅዝም አልኩና በላጲስ አጠፋሁት። ጋሼ በእርሳስ የሚጽፉት ሰው እንዳይከፋው ነበር፤ ለእኔ ለፈሪዋ ለማጥፋት ተመቸኝ። ማህተሙን መታሁና «ተባረኪ» ብዬ ሰጠኋት።

ጽሑፏን ፈታኞች ፊት በምታቀርብበት፣ በዲፌንሱ ቀን፣ የስም መፈረሚያውን ወረቀትና ውሃውን ይዤ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው የውጭ ፈታኝ ለስላሳ ሴት ናት። ሰዓዳ አቅርባ ስትጨርስ ተጨበጨበላት፣ አባቷም አብረው አጨበጨቡ፤ ፈታኟ አመሰገነቻትና ጥራዙን ገለበጠችው። ከኋላ ከፈተችው።

«ይህ ማስታወሻ የአንቺ ነው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጥያቄው ሦስት ጊዜ የተነበበለት ሰው ችግር የለብኝም ሲልሽ፣ አመንሽው?»

ሰዓዳ ወረቀቷን አየች፣ አድቫይዘሯን አየች። እሱ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ደግሞ የውሃ ጠርሙስ ይዤ እንደ ግዑዝ ቆሜያለሁ። ጽሑፉ ወደቀ፤ መረጃው እንደገና ይሰብሰብ ተባለ። በስንተኛው ሴሚስተር? ጊዜዋ አልቋል። ደንቡ ደግሞ ጊዜው ያለቀበት ተማሪ ይሰናበታል ይላል። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እንዲሉ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ደሴ ለጋሼ ይመር ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉኝም።

በማግስቱ ጠመንጃ ያዥ ሄድኩ። ቤቱን ለማግኘት የመዶሻውን ድምፅ መከተል በቂ ነው። ጋሽ ሙሔ በር ላይ ቁጭ ብለው የሣጥን ክዳን ያጥፋሉ። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። አልሰሙም። ጥላዬን አይተው ቀና አሉና «እታለም! ግቢ፣ ግቢ!» ብለው እኔ ከመንገዱ ማዶ ያለሁ ይመስል ጮሁ። ሰዓዳ የተሠሩትን ምድጃዎች እየደረደረች ነበር።

«ሰዓዳ፣ ያቺን ነገር እኔ አይቻት ነበር» አልኳት።

«የቷን?»

«ሦስት ጊዜ ተነበበላቸው የምትለዋን። ልጠይቅሽ ጽፌ አጠፋኋት።»

የያዘችውን ምድጃ መሬት አስቀመጠች። «መቼ? ከዲፌንሱ በፊት?»

«ከማህተሙ በፊት።»

«ተባረኪ ብለውኛል እኮ!» አለች። «መውደቁን እችለዋለሁ እትዬ ማርታ። ሰው ይወድቃል። ግን እርስዎ እያወቁ ተባረኪ አሉኝ።»

እዚያው አለቀስኩ፤ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሴትዮ ምድጃ መሐል ቆሜ። ጋሽ ሙሔ «ምን ሆነች? ምን አለችሽ?» እያሉ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። እሷ ግን እንድቀመጥ ዱካ ሳበችልኝ።

ለድህረ ምረቃ ጉባኤ የጻፍኩት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ የጽሑፉን ጉድለት አይቻለሁ፤ በይዘት ላይ አስተያየት አትስጡ ስለተባለ አጥፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ ተማሪዋ ከጽሕፈት ቤቱ ልታገኝ የሚገባትን ድጋፍ አላገኘችም፤ አንድ ሴሚስተር ይሰጣት። ዲኑ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ ማርታ፣ ለጡረታዎ ስንት ወር ቢቀርዎ ነው? ራስዎን እየከሰሱ እኮ ነው።»

«አስተያየት አትስጡ ያለንን ደብዳቤም አብሬ ነው የምከሰው ጌታዬ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ቢሆንም አልቀደዱትም፤ ለጉባኤው አቀረቡት፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ለሰዓዳ አንድ ሴሚስተር ተሰጣት፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ምክንያቱ «ትዕዛዝ በጽሑፍ በመንቀፍ» ነው ይላል። በዚህን ያህል ዘመን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ምን ብላ ትጠይቃቸው? ሰዎቹን በቀጥታ ብትጠይቃቸው «የለም» ነው። ወሬ ወዳድነቴ ለቁም ነገር የዋለው ያኔ ነው። አንድ ሐሙስ ተናጋሪው ለመስክ ሥራ ሄጃለሁ ብሎ ቀረ። ቦታውን ለሰዓዳ ሰጠሁ። በአማርኛ ትናገራለሽ፣ ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ይመጣሉ፣ «ለምን ሁላችሁም የለም አላችሁኝ?» ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ አልኳት።

«እትዬ፣ ውድቀቴን በአደባባይ?»

«አንቺ ብቻ አይደለሽም የወደቅሽው። እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ።»

መጡ! ጋሽ ሙሔ ከጠመንጃ ያዥም ከአብነትም ሰብስበው፣ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። የግቢያችን ሰው ከኋላ መቀመጥ ይወዳል፤ እነሱ ግን የፊቱን ረድፍ ተሻሙበት። መጀመሪያ ለክብር መስሎኝ ነበር። መጋረጃ ጀርባ ያለው ወንበር ሁሉ አለቀ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

ሰዓዳ ጠየቀቻቸው። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ተነሣ። «እህቴ፣ ያኔ የመጣሽው ወረቀት ይዘሽ፣ ቀጣሪዬ አጠገቤ ቆሞ ነው። ችግር አለብኝ ብልሽ ነገ ማን ያሠራኛል?» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «እኔ ችግር የለብኝም። ሚስቴ ናት ሬዲዮውን ቀንስ እያለች የምትጨቀጭቀኝ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የኔዋስ!» አለ አንዱ፤ «የእኔ ልጆች ደግሞ ስልክ ስታወራ ሠፈር ይሰማሃል ይሉኛል» አለ ሌላው። ሰዓዳ እየጻፈች ነው፤ እጇ አይደርስላትም። «ስልክ ሲደወልላችሁ በየትኛው ጆሮ ነው የምታነሡት?» አለች ድንገት። ሁሉም ያለ ምንም ማሰብ እጁን አነሣ፤ ብዙዎቹ ወደ አንድ ጎን፣ መዶሻ ከሚይዘው እጅ ወደ ራቀው ጆሮ። እነሱም እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ ቆመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለሐሜት ብቻ አይደለም።

በተሰጣት ሴሚስተር ቤት ለቤት ዞራ ሚስቶቹንና ልጆቹን ጠየቀች፤ ሠራተኞቹን ደግሞ ቀጣሪ በሌለበት። መለኪያ መሣሪያ ከአንድ የጆሮ ሐኪም ለምና ለካቻቸው። ያገኘችው ከመጀመሪያው መደምደሚያ ፍጹም ተቃራኒው ነበር። ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ከኋላ ከፍቼ እስከ ሽፋኑ አነበብኩት፤ በእርሳስ አራት ጥያቄ ጻፍኩባት። አራቱንም መለሰች።

ሁለተኛው ዲፌንስ ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ያችው ፈታኝ መጣች። ሰዓዳን አንድ ሰዓት አፋጠጠቻት፤ ሰዓዳም አልተበገረችም። እንደ ደንቡ እኛ ወጣን፤ ተመካከሩ፤ ተመልሰን ገባን። ጋሽ ሙሔ ከፊት ረድፍ እኔ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሰብሳቢውን ከንፈር ያያሉ። ሰብሳቢው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ፣ እንደ ወትሮው ለራሱ የሚያነብ ይመስል፣ ውጤቱን አነበበ። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ሙሔም ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ፈርቷል። በመጀመሪያው ዲፌንስም ሰዓዳ አቅርባ ስትጨርስ ተጨብጭቦላት ነበር፤ ግን ወደቀች።

«ምን አሏት?» አሉኝ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ዓመት ሰው ዝም ሳሰኝ ኖሬያለሁ። ብድግ አልኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«አልፋለች! ሰዓዳ አልፋለች!»

ጭብጨባው ቆመ። ዲኑ ዞረው አዩኝ። ጋሽ ሙሔ ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ።

«ኧረ ምን ያስጮህሻል እታለም? እኔ እኮ እሰማለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ፈታኟ ናት፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ሰዓዳ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ከመድረኩ ወርዳ አባቷ እግር ሥር በርከክ አለችና አፏን ጆሯቸው ላይ ገጥማ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ይህኛውን ሰሙት። «አልሃምዱሊላህ» አሉና እዚያው ወንበራቸው ላይ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።